ያጠፍኩት ብርድ ልብስ

የመጨረሻው ደኅና ቀን እሑድ ነበር። ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር ወዳለው ሥራው ሊሄድ ነው። ከመውጣቱ በፊት እንደ ልማዱ፣ ሻአሪያ ሰፈር በምንኖርበት ቤት ወለል ላይ ብርድ ልብሱን ዘርግቶ በጀርባው ተጋደመ።

ከጎንደር ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ሁለት ፈረቃ እየደረበ ሲሠራ ከርሞ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንቅልፍም ራቀው። ክሊኒክ ስንሄድ ዕብራይስጡን እኔ ተረጎምኩለት። ሰውነት የምታሠራዋ ሴት፣ «በሽታ አይደለም፣ ድካም ነው። መሬት ላይ ተኛ። ቡጢህን ጨብጥ፣ ከዚያ ልቀቀው። ትከሻህን ሽቅብ አንሣ፣ ከዚያ ጣለው። ቀስ ብለህ ተንፍስ» አለችው።

«ለመጋደምም አስተማሪ ያስፈልጋል?» ብሎ ሳቀ። ግን ሠራው። በሦስተኛው ሳምንት ብርጭቆ ሳያፈስ ያዘ። ወደ ሥራ ተመለሰ። ወለሉ ላይ ሳይተኛ ግን አይወጣም ነበር።

ያን እሑድ እንደተጋደመ አጎታችን መጡ። ከበራፉ አላለፉም።

«ተነሥ! በቀን መሬት የሚተኛ ሐዘንተኛ ነው። ማን ሞቶብህ ነው?»

«አጎቴ፣ እጄን ጨርሻለሁ። ትከሻዬ ነው የቀረኝ።»

«አታሟርትብን እላለሁ!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ትገተራለህ? እጠፈው!»

ወንድሜ አየኝ። እምቢ እንድል ጠብቆ ይሆናል። እኔ ጎንበስ ብዬ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዝኩ።

«በሰደር፣ እሺ» አለና ተነሣ። ጫማውን አሰረ። ወደ አውቶቡሱ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ትከሻው ወደ ጆሮው ተሰቅሏል። አልጠራሁትም።

ማታ አልተመለሰም። እናቴ፣ «ፈረቃ ደርቦ ነው» አለች። ሁለት ጊዜ አለችው።

ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። አፋቸውን ሳይከፍቱ እናቴ ጮኸች።

ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ይዞት ነው አሉ። እጁ ተንቀጥቅጦ ይሁን አይሁን የነገረን የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ጎረቤቶች ወንበሮቹን አወጡ። ሰው ሁሉ መሬት ተቀመጠ። እኔ ብርድ ልብሱን ካስቀመጥኩበት አምጥቼ እሱ በሚዘረጋበት ቦታ ዘረጋሁት። በጀርባዬ ተኛሁ። አጎቴ አዩኝ፣ ተነሥ አላሉኝም።

እሱ እጁን ጨርሶ ነበር። ከትከሻ ጀመርኩ።