ትከሻዬ ላይ የቀረው እጅ

ሰሞኑን እናቴ ቤት የድሮ ደብተሮቼን ሳገላብጥ ከስድስተኛ ክፍሉ መሃል አንድ ፎቶ ወደቀ። ባለ ሹሩባዋ ልጅ እኔ ነኝ። ከኋላዬ የቡና ማድረቂያ አልጋ፣ ግራ ትከሻዬ ላይ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው የሚመስሉ አራት ጥቋቁር ጣቶች ይታያሉ።

ሚዛን ተፈሪ ስማር አዲስ የመጣው መምህራችን «ራሳችሁን በራሳችሁ አንሱ፤ ፎቶው ማንነታችሁን ይናገር» ብሎን ነበር። ፎቶዎቹ ለወላጆች ቀን ክፍላችን ውስጥ ሊለጠፉ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እናቴ የአካባቢው ተወላጅ፣ ቤንች ናት። ጓደኞቼ በእናቴ አማርኛ ስለሚስቁ እኔ የአባቴ ልጅ ብቻ መሆን ነበር የምፈልገው። በቋንቋዋ ስትጠራኝ እንኳ በአማርኛ ነበር የምመልስላት።

የአባቴን ስልክ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ወሩ ኅዳር ነው፤ የሚደርቀው እሸት ቡና እንደ ጥንስስ ይሸታል። ቡናውን ስታገላብጥ የነበረችው እናቴ ስልኩን ስዘረጋ አየችኝ። ሮጣ ገብታ የበዓል ሻሿን አስራ መጣችና እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ሂጂልኝ ማለት ከብዶኝ አነሳሁ።

ላሳጥበው ስሄድ ፎቶ ቤት ያለው ሰውዬ «ይቺ እናትሽ ናት እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ ቡና የምትለቅምልን ናት። እሷን ይቁረጡልኝ።»

«እጇን ግን አልችልም፤ አንቺንም መቁረጤ ነው» ብሎ ሳቀ።

በወላጆች ቀን አባቴን ስጠብቅ እናቴ መጣች፤ ያንኑ ሻሽ አስራ። ፎቶዬ ፊት ቆመች። አጠገባችን የነበረች ልጅ «ውይ፣ ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው? የጦጣ?» አለችና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ በዚያ ሰው በሚስቅበት አማርኛዋ፣ «ታጥቤ ነበር እኮ ልጄ፤ ቡና ነው፣ አልለቅ አለኝ» አለችኝ።

ከፎቶው የቆረጥኳት እጇ ስለቆሸሸ መስሏት ነበር። እውነቱን አልነገርኳትም።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፤ ስልኩም የራሴ ነው። ፎቶውን ካገኘሁ በኋላ ጓሮ ወጥቼ አብረን ፎቶ እንድንነሳ ጠየቅኋት። «ቆይ» ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች። በቋንቋዋ፣ እየተኮላተፍኩ፣ «እማ፣ አትታጠቢ» አልኳት።

ሰምታኛለች። የውሃው ድምፅ ግን አልቆመም።