ችግር ተፈጥሯል፤ በማን?

አጥፍቶ ማብራት ምንም አይፈታም። ሰው ሁሉ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ኮምፒውተሬ ተበላሸ ባልኩ ቁጥር «አጥፍተሽ አብሪዋ!» ያላለኝ የለም። አጥፍቼ አብርቻለሁ። ባለፈው ግንቦት በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁና እንዳበራሁ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። የሚጠፋው ኮምፒውተሩ ነው። ችግሩ መብራት አያስፈልገውም፤ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አፕዴት ለራሳችን ጥቅም ነው የሚለውንም አልቀበልም። እኔ የማውቀው ጥቅሙ ትናንት የለመድኩትን ቁልፍ ዛሬ ሌላ ቦታ ሄጄ መፈለግ ነው። ሳትጠሩት ቤታችሁ መጥቶ የጓዳችሁን ዕቃ ቦታ ቀያይሮ «አማረልሽ» የሚል ዘመድ ዓይነት ነው። ለዓመታት «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን እየተጫንኩ ሳባርረው ኖሬያለሁ። በዚያ ሳምንት ግን የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። እምቢ ያለኝም ያኔ ነው።

የፈለግሁት ለአንዲት ሴት ፈተና ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቪላ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ፈሪጅ አብዱልአዚዝ ወዳለችው ክፍሌ ትመጣለች። መጀመሪያ የመጣችው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ እንዳነብላት ነበር፤ ኋላ ልማድ ሆነ። ስምንት ወር ሙሉ፣ ልጆቹን ካስተኛች በኋላ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ትምህርት ቤት በስልክ የሚሰጠውን የአረጋውያን እንክብካቤ ትምህርት ስትከታተል ቆይታለች። ፈተናውን ካለፈች እዚያው አዲስ አበባ የሚቀጥራት ክሊኒክ አግኝታለች። ውሏ የሚያልቀው በሐምሌ ነበርና ማዳሟ «ኢቃማሽን ላድሰው ወይስ ትሄጃለሽ?» እያለች ስለ መኖሪያ ፈቃዷ መልስ ትጠብቃለች። ካለፈች ትሄዳለች። ካላለፈች ውሉ ለሁለት ዓመት ይታደሳል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተወሳሰበ አልነበረም።

ፈተናው በስልክ አይሰጥም። በኮምፒውተር፣ ያውም አስቀድሞ በተመዘገበ ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚከፈተው። ከፈተናው በፊት በነበረው ዓርብ መጥታ፣ ፎርሙን ሞልታ፣ የእኔን ኮምፒውተር አስመዘገበች። እሑድ፣ እዚህ የሥራ ቀን ነውና፣ ከቢሮ ሳልወጣ ደወለች።

«እትዬ፣ ትምህርት ቤቱ መልእክት ልኮልኛል። ኮምፒውተሩ አፕዴት ካልሆነ ፈተናው አይከፈትም ይላል።»

«ይሆናላ! ምን ችግር አለው?» አልኳት።

ያን ማታ አፕዴት የሚለውን ተጫንኩ። ትንሽ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያም አንድ ዓረፍተ ነገር መጣ። ኮምፒውተሬ እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ችግር ተፈጥሯል፣ ቆይተው ይሞክሩ።

ማታ ማታ እጽፋለሁ፤ እንጀራዬ ግን ትርጉም ነው። በአንድ ቢሮ ተቀምጬ የሠራተኛ ውል ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ስለዚህ ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከነበሽታው አውቀዋለሁ። «የሳምንት ዕረፍት ይሰጣል።» ማን ነው የሚሰጠው? «ተገቢው ምግብ ይቀርባል።» በማን? ባለቤት የሌለው ግስ የፈሪ ሰው መደበቂያ ነው። «ችግር ተፈጥሯል» የሚል ሰው ችግሩን የፈጠረው ራሱ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። ስለዚህ ገና እሑድ ማታ ጥፋተኛውን አውቄ ጨረስኩ፤ ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ ነው። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቀናት ሁሉ የፈረድኩበትን ስጠላ ነው ያሳለፍኳቸው።

ሰኞ ድረ ገጽ ለመክፈት ስሞክር ኮምፒውተሩ ደህንነቱ ያልተጠበቀ ነው እያለ አብዛኛውን ዘጋብኝ። ይኼም የኩባንያው ተንኮል ነው አልኩ። ምክር ፍለጋ ወደ ስልኬ ዞርኩ። እንደኔ የተቸገሩ ሰዎች የሚጠያየቁበት ገጽ ሞልቷል፤ አንብቤ ስጨርስ እጄን መታጠብ አማረኝ። አንዱ የራሱን ችግር በሦስት ገጽ ተርኮ ሲያበቃ፣ በማግስቱ ተመልሶ «ተፈታልኝ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይሄዳል። እንዴት እንደተፈታለት አንድ ቃል የለም። ሌላው አሥራ ሁለት ደረጃ ያለው መመሪያ ይለጥፋል። ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሬ አንድም አልቀረኝም፤ የዋይፋዩን ሳጥን ነቀልኩ፣ የተከማቹትን ፋይሎች አጠፋሁ፣ በጥቁር መስኮት ላይ ትርጉማቸውን የማላውቃቸው ትእዛዞች ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚመረምርበት ፕሮግራም አለው፤ እሱንም አስነሣሁት። ረጅም ጊዜ ወስዶ መረመረና ምንም ችግር አላገኘሁም አለኝ። ሕመምተኛው ዓይኑ እያየ ሲያቃስት ጤነኛ ነህ ብሎ የሚሸኝ ሐኪም ነው።

ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሬ ያልኩት ሳላስብ አይደለም። የመጀመሪያውን ዘልዬዋለሁ። ለሕፃን የተጻፈ መሰለኝ።

ረቡዕ ከቢሮ ስመለስ ከሕንጻችን ሥር ስልክ ወደሚጠግነው ሰው ጎራ አልኩ። የወሎ ሰው ነው። ሁልጊዜ መጽሐፍ ይዤ ስለማልፍ «ዶክተር» ይለኛል፤ ስድብ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

«አፕዴት አልቀበል ብሎኝ ነው» አልኩት።

«ፎርማት ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«ሳታየው?»

«ዶክተር፣ እኔ ስንቱን አይቼ እችላለሁ? ፎርማት ሲደረግ ያላዳነው የለም።»

«የተመዘገበው ፈተናስ?»

«ይጠፋል።»

«የጻፍኩትስ?»

«እሱም ይጠፋል። ወላሂ፣ አንባቢም ያርፋል።»

ከጎኑ የቆመው ደንበኛ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያለኝ ሁሉ ሲጠፋ ተስተካከለ ለሚባል ነገር አልስቅም። ኮምፒውተሩን አውርጄ ላሳየውና ይክፈተው ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከሦስተኛ ፎቅ ያንን ሳጥን ተሸክሞ ለሱ ቀልድ ማቅረብ አስጠላኝ። ኩራቴ ከሳጥኑ ይከብዳል።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች፤ በእጇ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛለች፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ፈተናው አስር ሰዓት ይጀምራል፤ አስር ከሩብ በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ዙር እስኪመጣ ስድስት ወር ነው። ኤሲው እየጮኸ እኔ ወንበሬ ላይ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ችግር ተፈጥሯል።

«እትዬ፣ ባለፈው ዓርብ እኮ...» አለች።

«ቆይ አንዴ፣ እየጫነ ነው።»

እንደገና ነቀልኩ፣ እንደገና ሰካሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

«እትዬ፣ ያንን ፎርም ስሞላ...»

«ፎርሙ ምንም የለበትም። ጥፋቱ የኩባንያው ነው። ይኸውልሽ፣ ‹ተፈጥሯል› ይላል፤ በማን እንደተፈጠረ አይልም። አየሽው? ዓለሙ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያመልጠው።» ከዚያ ስለ ግስና ስለ ባለቤቱ፣ ስለ ውልና ስለ ፍርሃት ገለጻ አደረግሁላት። ጥሩ ገለጻ ነበር፤ ኋላ ከፊሉን በጽሑፍ ተጠቅሜበታለሁ። እሷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። በሰው ቤት የሚሠራ ሰው እንዲህ ይሰማል፤ አፉን ዘግቶ፣ ዓይኑን ግድግዳው ሰዓት ላይ አድርጎ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሦስተኛ ጊዜ «እትዬ» አለች። በእጄ «ቆይ» አልኳት። ቃል እንኳ አላወጣሁም።

ለአስር ሃያ ጉዳይ ሲል እጄን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሳሁ። የማደርገው አልቆ ነበር።

«እሺ፣ ያላ፣ ተናገሪ። ምንድን ነው?»

«ቀኑን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።»

«የቱን ቀን?»

«የኮምፒውተሩን። ባለፈው ዓርብ፣ እርስዎ ሻይ ሊያፈሉ ሲሄዱ። ትምህርት ቤቱ ፎርሙ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን ብሏል። ፎርሙ ደግሞ ራሱ የፈረንጁን ይሞላና በእጅ አያስነካም። ከኮምፒውተሩ ነው የሚወስደው ብለው አስተማሪው ነግረውን ነበር። ታች ገባሁና በእኛ አደረግሁት። ጥፋት ነው?»

ማውሷን ወደ ስክሪኑ ግርጌ አወረድኩ። ሰዓትና ቀን የሚያሳየውን መስመር ከዓመታት በፊት ደብቄዋለሁ፤ ስጽፍ ሰዓት አፍጥጦ እንዲያየኝ አልወድም። መስመሩ ብቅ አለ። ግንቦት ዘጠነኛ ወራችን ነውና ዘጠኝ ብላ ጽፋለች፤ ዓመቱንም የኛን። ለኮምፒውተሩ ግን ዘጠነኛ ወር ማለት የፈረንጆች ሴፕቴምበር፣ የኛ መስከረም ነው። ውጭ የግንቦት ፀሐይ አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠው ሳጥን ወደ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ መስከረም ላይ ተቀምጧል።

አሁን ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። በኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ ሁሉ፣ አፕዴቱ የሚመጣበትም ጭምር፣ እንደ ኢቃማ ያለ ወረቀት አለው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል። የእኔ ኮምፒውተር ወረቀቱን ያይና ገና ያልተሰጠ ኢቃማ ሆኖ ያገኘዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ የሚታተም ወረቀት ይዞ በር ለቆመ እንግዳ ማን ይከፍታል? ኮምፒውተሩ ትክክል ነበር። እሷም ትክክል ነበረች፤ የተባለችውን ነው ያደረገችው። ያ የዘለልኩት፣ ለሕፃን የተጻፈ የመሰለኝ የመጀመሪያ ደረጃ ምን ይል እንደነበር ልንገራችሁ፤ ቀንና ሰዓቱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ።

ለማስተካከል አንድ ደቂቃ አልፈጀም። አፕዴቱ ወዲያው ተነሣ። ሲጠሉት የኖሩት ነገር ሲሠራ ማየት እንዲህ ያስጠላል ብዬ አላሰብኩም። ለአስር አሥር ጉዳይ አሥራ ሁለት ፐርሰንት። አስር ሰዓት ሲሆን ሠላሳ አንድ። ከዚያ ራሱን አጥፍቶ በራ፤ ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» ይላል። ሳምንቱን ሙሉ አጥፊው ሲሉኝ ከርመው አሁን አታጥፊ። እሷ ደብተሯን ከፍታ በለሆሳስ ታነባለች፤ አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ። አስር ከሩብ ሲሞላ ሰባ አራት ላይ ነበር። ማንበቧን ቀጠለች። አስር ከሠላሳ ሁለት ላይ ተከፈተ፤ የፈተናውን ገጽ ነካች።

ፈተናው ተዘግቷል፣ ይላል።

«ኸላስ» አለች። ደብተሯን ዘጋች። ተነሥታ የጠጣንባቸውን ብርጭቆዎች አጠበች፤ ተይ ብላት አልሰማችኝም። ከዚያ እጇን እየጠረገች ወደ ስክሪኑ አየችና፣ «ቢያንስ እሱ ዳነልዎት» አለችኝ። ለማሽሟጠጥ አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ለትምህርት ቤቱ ጻፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ፣ ባለቤት ባለው ግስ፣ አንድ ገጽ ሙሉ። ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም የሚል መልስ መጣ። በሐምሌ ኢቃማዋ ታደሰ። ዛሬም ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ስለዚያ ቀን አንሥታ አታውቅም። አንድ ነገር ልትነግረኝ ስትፈልግ ግን አሁንም «እትዬ» ብላ ትጀምርና እጄን ታያለች፤ ቆይ ይል እንደሆነ።

አሁን ይህን ገጽ ዝጉት። «አንድ ነገር ልንገርህ»፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» ሲላችሁ ያቋረጣችሁት ሰው ዘንድ ሂዱ፣ ምን ልትል ነበር በሉ፣ እስኪጨርስም አፋችሁን ዝጉ።