አንዲት ቢጫ ቅጠል

ከመካነ ሰላም ወደ ደጎሎ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ጋቢ የለበሱ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚይዙት፤ ሲከፈት ግን የአበባ ፎቶ ብቻ ነው። በጓሯቸው ያለች አበባ ናት፤ ከሩቅ ጥቁር፣ ቀረብ ሲሏት ወይን ጠጅ። ሥሯ ሳይሞት በየዓመቱ ታብባለች።

«ወይ ማማር!» አልኩ።

«ኧረ ትፍ ትፍ በል! ዓይን ሊበላብኝ ነው?»

ትፍ ትፍ አልኩ። ስልኩ ከወንበር ወንበር ዞረ፤ ያደነቀ ሁሉ ትፍ ትፍ አለ። «ማሻአላህ» ያለችውን ሴት እንኳ «እሱም ጥሩ ነው፤ ግን ትፍ በይባት» አሏት። ስልኩ ረጥቦ ሲመለስ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት።

ወዲያው ጮኸ። የሴት ድምፅ ሚኒባሱን ሞላው፤ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ውሃ አብዝተህባታል! ቅጠሏ ቢጫ ሆኗል!»

«እሺ፣ እቀንሳለሁ» ብለው በትሕትና ዘጉት።

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«ነበረች። ስንፋታ ሽማግሌዎቹ ላሚቱን ለእሷ፣ አበባዋን ለእኔ አሉ። የተከለቻት ግን እሷ ናት።»

«እኔ እኮ ቢጫ ቅጠል አላየሁባትም!»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ከታች አንዲት አለች። የምልክላት የዚያችን ቅጠል ፎቶ ብቻ ነው። የአበባዋን ማማር ካየችማ መቼ ትደውልልኛለች?»