ሁለት ጊዜ የተቀየረ ሸሚዝ

«ጨጓራ» የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ በሽተኛ የምለይ ነርስ ነኝ፤ ማን ቶሎ ይግባ፣ ማን ይጠብቅ የምለው እኔ ነኝ። ሾላ ገበያ በርበሬ የምትሸጠዋም ጨጓራዬ ትላለች፣ ወሰን ሰፈር ጋራዥ የሚሠራውም ጨጓራዬ፣ ለፈተና ሲያጠና ያደረ ተማሪም ጨጓራዬ። ከደረት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለው አገር በሙሉ ጨጓራ ነው። ሰው ለሕመሙ ራሱ ስም አውጥቶለት ይመጣና እኔን ጸሐፊ ያደርገኛል። ግን ማንን እወቅሳለሁ፤ አንድ ቀን እኔም ጽፌዋለሁ።

ክረምት ነበር፣ ጠዋት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ እየገባ እጄን ስላደነዘዘው እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኛል። ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ድሮ ገበሬ ነበሩ፣ አሁን የትምህርት ቤት ጥበቃ ናቸው። በእግራቸው ነው የገቡት። ሰላምታቸው ረጅም ነበር፤ የማያውቁትን ቤተሰቤን ሁሉ ደህና ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«ምን ሆነው ነው አባባ?»

«ምንም አይደል ልጄ። ጨጓራዬ ነው። ትናንት በርበሬ የበዛበት ሽሮ በላሁ። ያንን ነጩን የሚጠጣ መድኃኒት ስጪኝና ልሂድ፣ ሥራ አለብኝ።»

ግፊታቸው ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። ካርዱ ላይ «ጨጓራ» ብዬ ጻፍኩ። መጠበቅ ለሚችል ሰው የምናስረውን አረንጓዴ ክር እጃቸው ላይ አሰርኩና አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው።

ባለቤታቸው ግን አልተቀመጡም። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሏቸው፤ ሽማግሌው በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ወሬ ስለምወድ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«እማማ፣ ምን አሏቸው?»

«ሸሚዙን ንገራት ነው ያልኩት። ከነጋ ሁለት ጊዜ ቀየርኩለት። ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል።»

እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እሳቸው ላብ። ሄጄ ግንባራቸውን ነካሁ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ጋቢያቸውን ገለጥ ሳደርገው ሦስተኛውም ሸሚዝ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ክው አልኩ። አረንጓዴውን ክር በመቀስ ቆርጬ ቀዩን አሰርኩላቸውና በዊልቸር እየገፋሁ አስገባኋቸው። «ለሽሮ ይሄ ሁሉ?» እያሉ ያፍራሉ።

የልብ ማሽኑ ወረቀት መጀመሪያ ግልጽ ነገር አላሳየም። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ሲስተር፣ ጨጓራ ሊሆን ይችላል እኮ» አለኝ።

«አንተ ደግሞ አትጀምርብኝ» አልኩት። ሸሚዙን ነገርኩት።

ደህና ልጅ ነው፣ አልተኮፈሰም። ካጠገባቸው ሳንነሳ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደገምነው። በዚህኛው መስመሩ ከቦታው ተነስቶ ጉብ ብሏል፤ የልባቸው ደም ሥር ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጨጓራ ያለ የለም። አስፕሪን አስኘክናቸው፣ ክንዳቸው ላይ መርፌ አስገባን፣ የተዘጋውን ወደሚከፍት ሆስፒታል ደወልን። አምቡላንሱ ውስጥ አብሬያቸው ገባሁ።

መገናኛ ጋ መንገዱ እንደ ልማዱ ተቆላልፏል። ሳይረኑ ይጮኻል፣ ሚኒባሶቹ ወዴት ይሂዱ። እጃቸውን ይዤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። እዚህ መንገድ ላይ ካመለጡኝ፣ አግዳሚው ላይ ያባከንኩባቸው ደቂቃዎች ናቸው የሚገድሏቸው እያልኩ ነበር። እሳቸው ፊቴን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ አንቺም አላበሽ» አሉኝ።

ተረፉ። ከሳምንታት በኋላ ለክትትል እኛ ጋ ሲመጡ፣ ያችን ካርድ መጀመሪያ ምን ብዬ እንደሞላኋት ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«እኔ ያልኩሽን ነው የጻፍሽው» አሉኝ። ወደ ባለቤታቸው በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ሁለታችንንም ያጋለጠችን እሷ ናት።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደስ ብሏቸው እንደነበር ያስታውቃል።

ተራቸውን ሲጠብቁ አንዲት ወጣት ሆዷን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጨጓራዬ ነው ሲስተር» አለችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ወደ እሷ ዘንበል አሉና በእጃቸው ጀርባ ግንባሯን ዳሰሱ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

«ደረቅ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «ቢሆንም ጠይቂያት።»