የኔሜሲዮ ቀበቶ

ኤርሊንዳ ፑንታ ሴካ በምትባል የፔሩ የዓሣ አጥማጆች መንደር የሆቴል አንሶላ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ኔሜሲዮ ባሕሩ ላይ በቆመው የነዳጅ ማማ በያጅ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከማማው ወደቀ። ማዕበሉ ወሰደው፤ ሬሳውም አልተገኘም።

አፈር ያላለበሱት ሰው አይርቅም። የደቡብ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ከማማው በኩል ጓ... ጓ... የሚል የብረት ድምፅ ይመጣል። ያኔ ኤርሊንዳ እጇን ከሳሙናው አረፋ አውጥታ ቀጥ ትላለች። «የኔሜሲዮ መዶሻ ነው» ትላለች። ልጇ መጀመሪያ ትቆጣት ነበር፤ በኋላ አግብታ ወደ ፒዩራ ከተማ ሄደች።

ማማው ከተዘጋ ስድስት ዓመቱ ነው። ነዳጁ ነጠፈ ተባለ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ ብረቱን የሚነቅል ግን ጠፋ። የባሕር አንበሶች የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት ወጥተው ተኙበት። እነሱን ለማየት ቱሪስት መጣ፤ ቱሪስቱን ተከትሎ ሆቴሉ ተሠራ። እንግዶቹን በጀልባ የሚያመላልሰው ቴኦዶሮ፣ የኔሜሲዮ የማማ ጓደኛና የልጁ ክርስትና አባት ነው።

ባለፈው መጋቢት አንድ ኩባንያ ከዳርቻው ፊት ለፊት ሦስት አዲስ የነዳጅ ጉድጓድ ሊቆፍር መሆኑ ተሰማ። መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። አብረው ያደጉ ወንድማማቾች በአንድ ጀልባ ማስገር ተዉ። በመጨረሻ በትምህርት ቤቱ ግቢ ስብሰባ ተጠራ።

የሆቴሉ ባለቤት ዶን ፋውስቲኖ ቀድሞ ተነሣ። «ነዳጅ ምን እንዳደረገን ዶኛ ኤርሊንዳ ትንገራችሁ! ባሏን የበላው ማን ነው? ዛሬስ የምታድረው በማን ደመወዝ ነው?»

ቴኦዶሮ ከኋላ ብድግ አለ። «ዶን ፋውስቲኖ፣ እርስዎ ትናንት የመጡ ሰው ነዎት። የኔሜሲዮን ልጅ ፊደል ያስቆጠራት የማማው ደመወዝ ነው። ልጆቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንግዳ ሻንጣ ይሸከሙ?»

«ከመስመጥ መሸከም ይሻላል!» አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ፤ ሰው ሳቀ።

ኤርሊንዳ ተነሣች። «እኔ ያላገኘሁትን ሰውዬ እናንተ በየተራ ከባሕር ታወጡታላችሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። አበልጄ፣ ኔሜሲዮ የዚያን ቀን የደኅንነት ቀበቶውን ለምን አልታጠቀም? ሸሚዙን እንኳ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ጠንቃቃ ነበር።»

ቴኦዶሮ ባርኔጣውን አወለቀ።

«የእኔ ተበጥሶ ነበር» አለ። «የራሱን ፈቶ ሰጠኝ። ‹እኔ ታች ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል› አለ። ወዲያው ወደ ላይ ጠሩት።»

«አሥራ አንድ ዓመት!» አለች ኤርሊንዳ። «በየፋሲካው ከገበታዬ እየቀረብህ!»

«እቀርባለሁ እንጂ፣ አንድም ቀን ጉሮሮዬን አልወረደም።»

ስብሰባው ሳይቋጭ ተበተነ። ኤርሊንዳ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። በሦስተኛው ጠዋት ዳርቻው ላይ ቴኦዶሮ ፊት ቆመች። «ውሰደኝ» አለችው። እስከዚያ ቀን ማማውን ቀርባ አይታው አታውቅም።

እንግዳ ሳይጭኑ ሄዱ። የባሕር አንበሶቹ ይገማሉ፣ ያገሳሉ። ከዛገው ደረጃ ሥር አንድ ተገንጥሎ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ ነበር፤ ማዕበሉ ባነሣው ቁጥር ምሰሶውን ይመታል።

«የምትሰሚው ይኼ ነው» አለ ቴኦዶሮ ቀስ ብሎ። «ልነግርሽ እያሰብኩ እተወው ነበር።»

ኤርሊንዳ ቆርቆሮውን ትክ ብላ አየችው። «አየሁ» አለች። «ኔሜሲዮም እንዲሁ ነበር የሚመታው፤ ሁለቴ መትቶ ያርፋል።»

ቴኦዶሮ አዳመጠ። ሁለት፣ ዝም። ሁለት፣ ዝም። ሞተሩን አስነሣ፤ መሬት እስኪረግጡ ድረስ ወደ ማማው ዞሮ አላየም።

ሐምሌ ላይ ለኩባንያው ፈቃዱ ወጣ፤ ቆፋሪው መርከብ መጥቶ ከሆቴሉ መስኮቶች ፊት ቆመ። እንግዳው በግማሽ ቀነሰ፤ የኤርሊንዳም አንሶላ አብሮ ቀነሰ። ቴኦዶሮን ኩባንያው የሠራተኞች አለቃ እንዲሆን ጠየቀው። ባርኔጣውን ይዞ ደጇ መጣ።

«ምን ልበላቸው?»

«ሂድ።»

«አንቺ? አንቺ ሂድ ትይኛለሽ?»

«እዚያ የሚፈራ ሰው ያስፈልጋል» አለችው። «ቀበቶውን ፈቶ የሚያውሰው የማይፈራው ነው።»

ሄደ። ወጣቶቹ ከኋላው «ፈሪው ሽማግሌ» ይሉታል። በየምሳ ሰዓቱ ሰዎቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሲሞላም አንድ ሰው የጎደለ ይመስለውና እንደገና ይጀምራል።