የልብስ ሰፊው ትራስ

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ሰው አምነው አያውቁም። ደንበኛ «ወገቤ ያው ነው» ካላቸው «እሱን ሜትሩ ይናገር» ብለው እንደገና ይለኩታል። ከሱሪው ወገብ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ያስቀራሉ፤ ሰውየው መወፈሩ እንደማይቀር ያውቃሉ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ መጠራጠርን የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ቤት ሲገቡ ማስታመሙ እኔ ላይ ወደቀ። ባሌ ሥራ ይውላል፤ እህቱ የምታስታምመው በስልክ ነው። ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ አወጣቸዋለሁ፣ ክኒናቸውን እሰጣለሁ። ሲያስሉ የተሰፋው ደረታቸው እንዳይጎዳ ትራስ አቅፈው እንዲጫኑ የሆስፒታሉ ነርስ አዛለች። በክንዳቸው ተደግፈው መነሳትም ክልክል ነው።

በሁለተኛው ሳምንት በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ጨመሩ። እግራቸው አበጠ። ነርሷ ጋ ደወልኩ።

«ውሃ እያጠራቀሙ ነው። የሚያሸናውን ክኒን ይውጣሉ? በሁለት ቀን ካልቀነሱ ተመልሰው ይተኛሉ። ልባቸው አይችለውም።»

የባሌ እህት ይህን ስትሰማ በአካል መጣች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ድስቱን ከፍታ ቀመሰች።

«ጨው አለው።»

«ጨው እዚህ ቤት ከጠፋ ቆየ።»

«እንግዲያው ክኒኑን ረስተሽዋል!»

ባዶውን የክኒን ማሸጊያ አሳየኋት። አላመነችኝም። አልፈረድኩባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

አማቴ ትራሳቸውን አቅፈው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሳያስሉም ያቅፉታል። የትራሱን ልብስ ልጠበው ብላቸው «ንጹሕ ነው» ይሉኛል። ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ቀስ ብዬ ወሰድኩት። ሦስቱ ጎን የገበያ ስፌት ነው። በአራተኛው ጎን ግን አራት ጣት የምታህል ጥንቅቅ ያለች የእጅ ስፌት አለች። በዚህ ቤት እንዲህ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው። ተረተርኩት። ጫፋቸው በምራቅ የሟሟ አምስት የሚያሸኑ ክኒኖች ወጡ።

«ስፌቴን ፈታሽው?» አሉ፤ ነቅተዋል።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? መሞት አምሮዎታል?»

ልጃቸው ወጥ ቤት መሆኗን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱን ከዋጥኩ በአንድ ጠዋት አምስት ጊዜ ሽንት ነው። አምስቱንም አንቺ አንስተሽኝ፣ አንቺ ቁልፌን ፈትተሽልኝ። የልጄ ሚስት ነሽ እኮ!»

እኔ ደግሞ ክኒኖቹን ሳይ መርዝ ሰጠችኝ ብለው የጠረጠሩኝ መስሎኝ ነበር።

ወንበራቸውን በጡብ ከፍ አድርጌ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አቆምኩት፤ ያለ እጅ፣ በእግራቸው ብቻ ይነሱበታል። ከዚያ መርፌና ላስቲክ አቀበልኳቸው።

«ቁልፉን ያውጡትና ሱሪዎን በላስቲክ ያድርጉት።»

«ላስቲክ የሕፃን ነው!»

«የሬሳ ሱሪ ከሚሰፉ ይሻላል።»

አጉረመረሙ፤ ሰፉት። ክኒኑን ውጠው ምላሳቸውን አነሱልኝ። በማግሥቱ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቀነሰ።

«ሚዛኑ ትክክል መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሉኝ። ወጥቼበት የእኔ ኪሎ ከትናንቱ እንዳልተለወጠ አሳየኋቸው።

የባሌ እህት ዛሬም ድስቱን ትቀምሳለች። እኔም አልጋ ሳነጥፍ የትራሱን አራት ጎን እዳብሳለሁ።