አሥራ ሁለተኛው አንሶላ

ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ግማሹ ምክንያት ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል መተኮሻው ላይ ስለቆመች ነው፤ ግማሹ ደግሞ ቶሎ ስለምትግል። ስትቆጣ "አትንኳት፣ ተሰክታለች" ይባባሉ ነበር። ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመት ሆናት፣ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ። ልጅ አልወለደችም። አንዳንዴ ሁለት ቀን ሙሉ ቃል ከአፏ ሳይወጣ ይመሻል። አንድ ጊዜ እንዲያ ሰንብታ ባለሱቁን "ሳሙና" ስትለው ድምጿ ተሰንጥቆ ወጣ። "ጉንፋን ያዘዎት እንዴ?" አላት። አዎ አለችው። ምን ልትለው ኖሯል?

የቀረቻት ሰው ድንቢጥ ብቻ ነበረች። ድንቢጥም የወጣላት ስም ነው፤ ቁመቷ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ብዙም ሳያልፍ ወሬዋ ክፍሉን ስለሚሞላው። የሆስፒታል አንሶላ ለአንድ ሰው አይታጠፍም። ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይይዙታል፣ ይወጥሩታል፣ አንዴ ያራግፉትና ተራምደው ይገናኛሉ። አንዷ ጫፎቿን ለሌላዋ ታስረክብና ጎንበስ ብላ እጥፋቱን ከሥር ትቀበላለች። ካውያና ድንቢጥ ይህን በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ያደርጉት ነበር። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገናኙ ነበር ማለት ነው፤ ባልና ሚስት እንኳ ያን ያህል አይተያዩም። አሥራ ሁለት ሲሞላ ድንቢጥ ደርዘኑን ታቅፋ ወደ ዋርዶቹ፣ ሕሙማኑ ወደተኙባቸው ክፍሎች ትሄዳለች፣ በየአልጋው ግርጌ አንድ አንድ እያስቀመጠች። ካውያ ደግሞ ቀጣዩን ደርዘን ትጀምራለች።

ድንቢጥ መጀመሪያ የረሳችው ምድጃ ማጥፋት ነው። ቀጥሎ የቤቷን መንገድ፣ ከዚያ ሰው። አንድ ጠዋት ካውያ ልትጠይቃት ስትገባ ቀና ብላ አየቻትና "እርስዎ ማነዎት?" አለቻት። ካውያ ሰማይ የተደፋባት መሰላት። እጇን የምታደርግበት ብታጣ ከማስጫው ገመድ ላይ የደረቀ አንሶላ ሳበች። ድንቢጥ ማንም ሳያዛት ብድግ ብላ ሌላውን ጫፍ ያዘች።

"ወጥሪ እንጂ! ምን ትጎትቻለሽ?" አለቻት።

ካውያን በሕይወቷ እንደዚህ ያስደሰታት ቁጣ የለም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እየሄደች ሦስቱን የቤቱን አንሶላዎች ያጥፋሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ያጥፋሉ። ድንቢጥ የካውያን ስም አታውቅም። እጇ ግን ያውቃታል። ካውያም የምትኖረው ለዚያ ሆነ።

ችግሩ የመጣው ድንቢጥ ሁለት ጊዜ ከግቢ ወጥታ ስትጠፋ ነው። አብራት የምትኖረው ሴት ልጇ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የድንቢጥ ወንድ ልጅ ደግሞ ሌላ ከተማ ነው፣ የአንድ ቀን መንገድ። "አምጫት፣ እኔ ጋ አራተኛ ፎቅ ነው፣ የትም አትወጣም" ብሏል። ልጅቷ ይህን ለካውያ የነገረቻት ሰኞ ዕለት በሩ ላይ ቆማ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ነው።

"እትዬ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ እዚህ ነው። ትናንት ለአንዱ ሰው የሌላውን መድኃኒት ልሰጠው ነበር።"

"እኔ አለሁ አይደል? በጠዋት እመጣለሁ፣ እስክትመለሺ እቀመጣለሁ።"

"እርስዎም እኮ ጉልበትዎ…"

"ጉልበቴ ምን አደረገሽ? እሱን ለኔ ተይው።"

ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም። "እሺ፣ እስከ ቅዳሜ። አንድ ጊዜ ከዚህ በር ከወጣች ግን ወንድሜ ይወስዳታል። ያኔ እንዳይለምኑኝ።"

"አልለምንሽም።"

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ አለፉ። ካውያ በሩን በሰንሰለት እየቆለፈች፣ ወንበሯን በሩ ሥር እያስቀመጠች ዋለች። ሐሙስ ማታ እቤቷ ስትገባ ያበጠ ጉልበቷን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ አንድ ነገር አሰበች። ዓርብ ልጅቷ ለምሳ ብቅ ስትል ሙሉ ደርዘን ብታሳያትስ? እንደ ድሮው፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ደርዘን። ይህን ያየች ልጅ እናቷን የትም አትሰድም። ሳጥኗን ከፍታ ዘጠኝ አንሶላ አወጣች፤ ከመሃላቸው ባሏ በሕይወት እያለ የተገዙ፣ አንድም ቀን ያልተነጠፉ ነበሩ።

ዓርብ ጠዋት ያን ሁሉ በትልቅ ጨርቅ ቋጥራ አውቶቡስ ስትሳፈር ረዳቱ አያት። "እትዬ፣ ቤት እየቀየሩ ነው?"

"አዎ፣ ካንተ ልርቅ ብዬ ነው።"

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር፣ ጥፋቱም እሱ ነው። ሁለት እጇ በጥቅሉ እንደተያዘ የግቢውን በር በጀርባዋ ገፍታ ገባች፣ በተረከዟ መለሰችው። ሰንሰለቱን ረሳችው።

ድንቢጥ ክምሩን ስታይ ዓይኗ በራ። እጅጌዋን ሰበሰበችና ጀመሩ።

"ዛሬ እጅሽ ከበደ፣ ምን ሆነሻል?" አለች ድንቢጥ በአራተኛው ላይ።

"እርጅና ነዋ።"

"እርጅና? አንቺ? ገና ዕድገት እየጠበቅሽ?"

ካውያ እየሳቀች እንባዋ መጣ። ስምንት። ዘጠኝ። ጉልበቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥጥ አለ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። አሥራ ሁለተኛውን ከላይ አስቀምጣ ትንሽ ራቅ ብላ አየችው። አማረላት። "ሻይ ልጣድልሽ" ብላ ገባች። ውኃው እስኪፈላ ምድጃው አጠገብ ቆማ ለልጅቷ የምትነግራትን በልቧ ስትደረድር ቆየች።

ሁለት ብርጭቆ ይዛ ስትወጣ ግቢው ባዶ ነበር። ድንቢጥ የለችም፣ ክምሩም የለም። በሩ ወለል ብሏል።

ብርጭቆዎቹን የት እንዳስቀመጠች አታውቅም። ብቻ ውጭ ናት። ግራ ታያለች፣ ቀኝ ታያለች። የጎረቤቱ በር ሥር አንድ አንሶላ ተቀምጧል፣ እጥፋቱ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ልክ እንደሚገባው። ከሱ ቀጥሎ ባለው በር ሌላ። ካውያ ያኔ ገባት። ደርዘኑ ሞላ፤ ድንቢጥ ወደ ዋርድ ሄዳለች። እግሯ የሚያውቀውን ሥራ ያስያዘቻት ራሷ ካውያ ናት።

ለማንሳት አልጎነበሰችም፣ ከጎነበሰች መነሳቷን እንጃ። እየቆጠረች ብቻ አነከሰች። አራት። ሰባት። አሥረኛው አንድ ሱቅ ደጅ ላይ። አሥራ አንደኛው ዋናው መንገድ ዳር፣ የአውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ጫማ ወድቃለች፤ መኪና በላይዋ ያልፋል፣ ትገለበጣለች፣ ሌላው ያልፋል።

ዳር የቆመ የታክሲ ሹፌር በመስኮት ብቅ አለ። "አንሶላ የታቀፉት እናት የእርስዎ ናቸው? ለጥቂት እኮ ነው የሳትኳቸው!"

"የት አለች?"

በአገጩ ማዶ ያለውን ጋራዥ አሳያት።

ጋራዡ ውስጥ አንድ መካኒክ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቷል። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱም በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ድንቢጥ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በሌላው ባዶ፣ ግርጌው ቆማ የአንሶላውን ጠርዝ ታስተካክላለች። የባዶ እግሯ ጣት ይደማል።

"እናቴ፣ ልነሳ?" ይላል መካኒኩ ከሥር።

"ሐኪሙ ሳያይህ አትነሳም!"

"እሺ። ብቻ ቶሎ ይምጣልኝ፣ ዘይት እየፈሰሰብኝ ነው።"

ሠራተኞቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ካውያ እዚያ ያለ አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ አለች፣ ጉልበቷም ከዚያ ወዲያ በቃኝ አለ። ሰዓቱን ጠየቀች፤ አምስት ተኩል ነው። ልጅቷ ለምሳ የምትመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መካኒኩ ደግፎ ቢያሻግራቸው፣ እግሯን ብታጥብላት፣ አንዱን ሠፈርተኛ አንሶላውን ብታስለቅም፣ ማን ያውቃል? ድንቢጥ እንደሆነች አትናገርም። ልቧ እየመታ ይህን ሁሉ አሰላች። አፏም ተከፈተ፣ "ልጄ፣ ደግፈን" ልትል። ዓይኗ ግን አስፋልቱ ላይ ነበር። ጫማዋ አሁንም አለች። አንድ የጭነት መኪና ደፍጥጧት አለፈ።

"ስልክ አለህ?" አለችው መካኒኩን። "ቁጥር ልንገርህ።"

ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከች አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ተንበርክካ የእናቷን እግር በጥጥ ጠረገች፣ አሰረች። ከዚያ እዚያው እንደተንበረከከች፣ "ማታ ለወንድሜ እደውላለሁ" አለች።

"አንድ ዕድል ስጪኝ።"

"አልለምንሽም ብለውኝ ነበር።"

"ዋሽቼሻለሁ። እየለመንኩሽ ነው። እግርሽን ልያዝ?"

"እትዬ፣ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለእሷ ነው ወይስ ለራስዎ?"

ካውያ "ለእሷ" ልትል ነበር፤ የታሰረውን እግር አየች። "ለራሴ" አለች። "ምን ልዋሽሽ። ለራሴ ነው። ከሷ ሌላ ማን አለኝ?"

ልጅቷ የተረፈውን ጥጥ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። "እኔን ሲስተር ነው የምትለኝ" አለች በቀስታ። "ዓመት ሆናት። እርስዎን እየተቆጣች ስታጫውትዎ መስኮት ላይ ቆሜ አያለሁ፣ እቀናለሁም። እንደሱ እንኳ አትቆጣኝም።" ተነሥታ ጋዋኗን አራገፈች። "ግን ዛሬ ሞታ ነበር እኮ።"

ካውያ ጎማውን ተደግፋ ተነሣችና የድንቢጥን እጅ ያዘች።

የድንቢጥ ወንድ ልጅ ሌሊቱን ነድቶ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ግዙፍ፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። ድንቢጥ ግን መኪና ውስጥ አልገባም አለች። "ሥራ አለኝ" ትላለች። ቢለማመጧት፣ ቢያባብሏት፣ አልሆነም። እጇን ሊይዝ ሲል ጮኸች። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ካውያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንኳን አልሄድሽ የሚል ክፉ ደስታ ውስጧ ሽው ብሎ አለፈ፣ አፈረችበት። ተነሥታ አንድ አንሶላ ዘረጋች። ድንቢጥ ጩኸቷን አቁማ ጫፉን ያዘች። "ነይ እንጂ፣ ያዢ፣ ምን ትቆሚያለሽ?" አለቻት። ካውያ የራሷን ጫፍ እንደያዘች ልጁን ጠራችው።

"እጅህን አምጣ። ሁለቱንም። እንዲህ። ወጥር፣ አትጎትት። አሁን አራግፍና ወደሷ ተራመድ።"

ልጁ ሳተው፤ አንሶላው መሬት ነካ። "ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው?" አለች ድንቢጥ። "እጁ አካፋ ነው!"

"አዲስ ተቀጣሪ ነው፣ ታገሺው።"

"እሺ፣ ይማራል።" ቀና ብላ አየችው። "ቁርስ በልተሃል?"

ትልቁ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አንሶላውን ከመሬት አነሣ። ሦስት ጊዜ አጠፉ፣ በሦስተኛው ተሳካለት። አንሶላውን ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ ድንቢጥ ከኋላው "ጠርዙን አታበላሽ!" እያለች ተከተለችውና ገባች። ካውያ በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

"ስማኝ ልጄ። አሥራ ሁለት እንዳታስሞላት። አሥራ አንድ ላይ ፍቱትና እንደ አዲስ ጀምሩ። አሥራ ሁለት ከሞላ ትሄድብሃለች።"

"እሺ እትዬ።"

"በየቀኑ። ሲደክምህም።"

ድንቢጥ ወደ ፊት ነበር የምታየው። መኪናው ዞሮ ሲሰወር ካውያ እዚያው ቀረች፣ ሁለት እጇን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት። ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"ሰኞ የት ልሂድ?" አለች ካውያ። ለማንም አልነበረም፣ አምልጧት ነው።

ልጅቷ ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። "እኔም ባዶ ቤት ነው የምገባው" አለች። "ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ይምጡ።"

"ምን ልሠራልሽ?"

"ምንም። ምሳ ልንበላ።"

ካውያ ምንም ልትሠራ ያልተጠራችበት ቤት ገብታ አታውቅም። እሺም እምቢም ሳትል ጉልበቷን ይዛ ወደ አውቶቡሱ አዘገመች። ሰኞ ሩቅ አይደለም፤ በመሃል ግን አንድ ሙሉ እሑድ አለ።